ጀልባ ማስገባት ሌላ፣ ጀልባ ማኖር ሌላ

በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ፪» ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ የአገሩ ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከትሏታል። ውሃ ላይ የምትሄድ ነገር ተጎታች ላይ ተጭና ዳገት ስትወጣ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ማየት ብርቅ ነው። ከመቶ ቶን በላይ የምትመዝን ጀልባ ነች። ወራት ፈጀች። በየከተማው ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቃት፣ እልል አለላት፣ አብሯት ፎቶ ተነሣ። ሾፌሮቹም እንደ ጀግና ታዩ፤ ይገባቸዋል።

ከዚያስ?

ጀልባዋ በየት በኩል አለፈች፣ ዛሬ የት አደረች፣ ስንት ሰው ትጭናለች የሚለው በየቀኑ ይጠየቅ ነበር። ሆዷ ሲዝግ የት ተስባ ትወጣለች? ሞተሯ ሲደክም ማን ይፈታዋል? መለዋወጫው ከየት፣ በማን ገንዘብ፣ በስንት ወር ይመጣል? ይህን ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል የጠየቀ እጅግ ጥቂት ነው። የጠየቀም ቢኖር «ደግሞ ምቀኛ መጣ» ተብሎ ዝም ይላል። ጀልባ መምጣቷን የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም። ችግሩ እልልታው የሚያልቀው ሥራው በሚጀምርበት ቀን መሆኑ ነው።

መኪና ማታ ይቆማል፣ ይደርቃል፣ ጠዋት ይነሣል። ጀልባ እንዲህ አይደለም። ቆማም ውሃ ውስጥ ነች፤ ሰው ሲተኛ ዝገቱ አይተኛም። ሥራ ፈታ አንድ ዓመት የተቀመጠች ጀልባ አንድ ዓመት ከሠራችው ብትብስ እንጂ አትሻልም። ይህንን የማያውቅ ሰው ጀልባ ሲገዛ ዋጋውን ከፍሎ የጨረሰ ይመስለዋል። የከፈለው ግን ቀብዱን ነው።

እንግሊዞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ የቆፈሯቸው ቀጫጭን የውሃ ቦዮች አሏቸው፤ በእነሱ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎች ወርዳቸው ሁለት ሜትር ከትንሽ ነው፣ ርዝመታቸው ግን እስከ ሃያ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ድሮ ፈረስ ይጎትታቸው ነበር፤ ዛሬ ሰው እንደ ቤት ይኖርባቸዋል። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ነው። ታዲያ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጀልባዋን ከውሃ ያስወጣታል። ባለሙያ ይቀጥራል። ባለሙያው ብረቱን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል፣ የብረቱን ውፍረት በመሣሪያ ይለካል። ሲሠራ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው የታችኛው ብረት ስንት ቀረው? ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። ተገዝታም አላለቀም፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ተስባ ትወጣለች፣ ትታጠባለች፣ ሬንጅ ትቀባለች። በየአራት ዓመቱ የደኅንነት ምርመራ አለባት። ያንን ካላለፈች ፈቃድ የላትም፤ ፈቃድ ከሌላት ቦዩ ላይ ቦታ የላትም።

«ያ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሀብት ያለው ሰው አሮጌ ጀልባ ጥሎ አዲስ መግዛት ይችላል፤ ጥገና ያስፈለገው መግዛት ለማይደጋገምለት ነው። እዚሁ አገር ቪትዝ ለመግዛት ሲሄድ መካኒክ ይዞ የማይሄድ ማን አለ? ካንዴላውን ያስፈታል፣ የዘይቱን ቀለም ያያል፣ ጭሱን ያሸታል። በራሱ ገንዘብ ሲሆን ሁሉም አዋቂ ነው። በመንግሥት ወይም በመዋጮ ገንዘብ ሲሆን ነው ዓይን የሚጨፈነው።

ሩቅ መሄድ ካላስፈለገ ደግሞ ጣና ዳር ያለው የደንገል ታንኳ ይበቃል። ታንኳን ኋላ ቀር የሚሉት ሰዎች ታንኳ እንዴት እንደሚያዝ ቀረብ ብለው አላዩም። በተለይ ወይጦዎች ለትውልድ የያዙት ሙያ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ እየታሰረ ይጠቀለላል፣ ፊቱ ወደ ላይ ይቆለመማል። ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ቢሆን ነው። ባለቤቱም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሥራው ሲያበቃ ውሃ ላይ አይተወውም፤ ያወጣዋል፣ ያቆመዋል፣ ውሃው ወርዶ ፀሐይ ይመታዋል። ውሃ ጠጥቶ የከበደ ታንኳ ነገ ጭነት እንደማይችል ስለሚያውቅ ከመጫኑ በፊት ክብደቱን በእጁ ያየዋል። አርጅቷል ካለ አርጅቷል፤ ሌላ ይሠራል። መለዋወጫው ዳር ላይ በቅሏል፣ መካኒኩ ራሱ ነው፣ በጀቱ ጉልበቱ ነው። የጥገና ዕቅድ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ጀልባዋን «ራ» ብሎ ሰየማት፤ ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ አጠገብ የሠሯት ከቻድ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጥለዋት ወጡ። ምክንያቱ ደንገሉ አልነበረም። በጥንት ግብፆች ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባዋ ወለል የሚወርድ ገመድ ይታያል፤ ለጌጥ ነው ተብሎ ቀረ። ለጌጥ አልነበረም። ኋላዋን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነበር፤ እሱ ሲጎድል ኋላዋ ሰጠመ። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ ሁለት»ን ሠሩ፤ እሷ በ57 ቀን ተሻገረች። እዚህ አገር በጀት ሲያዝ የጥገናው መስመር እንደዚያች ገመድ ነው፤ ትርፍ ይመስልና መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

ጢስ ዓባይ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በሞተር ጀልባ መሻገር የቆየ ሥራ ነው። ጎብኚው ይሻገራል፣ ገበያተኛው ይሻገራል። ከፏፏቴው በታች ደግሞ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ድንጋይ ስለሆነ ቆመ፣ ጀልባ ግን ድንጋይ አይደለም። ወንዙም ራሱ የድሮው ወንዝ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ የጨራጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ መጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ውሃውን በሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ዛሬ ወንዙ የሚሞላውና የሚጎድለው እንደ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን እንደ መብራት ፍላጎቱም ጭምር ነው። ውሃ ሲያንስ ድንጋይ ብቅ ይላል፣ ፕሮፔለር ይመታል። ይህን ለባለ ጀልባው በስልክ እንኳ የሚነግረው ማን ነው?

ሐይቁ ላይም ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. ለመብራት ሲባል ብዙ ውሃ ተለቅቆ፣ ዝናቡም አንሶ፣ ጣና እጅግ ዝቅ ሲል ትላልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ቆመዋል። ለእነሱ የሚያስፈልገው የውሃ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ከወረደ መሬት ይነካሉ። ትልቅ ጀልባ ማስገባት ማለት እንግዲህ የሐይቁን ከፍታ ለመጠበቅ ቃል መግባትም ነው። ይህ ቃል ከመብራቱ ጋር፣ ከመስኖው ጋር ይጋጫል። ከተጋጨ ማን ይቀድማል የሚለው ጀልባዋ ከመምጣቷ በፊት ሊነገር የሚገባው ነገር ነበር።

ከዚያ እምቦጭ አለ። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። እምቦጭ መግቢያውን ሲዘጋው ሞተሩ ይግላል፤ ካፒቴኑ በጊዜ ካላጠፋው ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል። ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በቢላ መቁረጥ አለበት። ያገለገለ ሞተር የገዛ ማኅበር ይህን ሁሉ በራሱ ኪስ ይችላል። ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም ከጦርነቱ ወዲህ ጎብኚው ሲጠፋ ገቢው ጠፋ፤ ዝገቱ ግን አልጠፋም። ወጣቶች ተበድረው የገዟት ጀልባ ዳር ላይ ታስራ ስትበሰብስ ማየት በሬው ታሞበት አረም ያሸነፈውን ገበሬ ማየት ነው።

ስለ እምቦጭ ከተነሣ፣ እሱን ለማጨድ የመጡት ማሽኖች ምን ሆኑ? እነሱም እኮ በአንድ በኩል ጀልባዎች ናቸው፤ ያውም ለየት ያሉ ጀልባዎች። በመንግሥትና በዲያስፖራው መዋጮ መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ቪዲዮ ተለቀቀ። ጥቂት ሠሩ፤ ከዚያ አንዱ በነዳጅ፣ አንዱ በመለዋወጫ፣ አንዱ በባለሙያ እጦት ቆመ። የሰጡት ሰዎች ልባቸው ንጹሕ ነበር። የማሽኑን ዋጋ ሲያዋጡ ግን የአምስት ዓመት መለዋወጫውን፣ የሁለት ሰው ሥልጠናውንና ደመወዙን ያዋጡት ስንቱ ናቸው? ለማሽን የሚያዋጣ ሰው ይገኛል። ለግሪስ የሚያዋጣ አይገኝም፤ ግሪስ ፎቶ አይነሣም።

የምዕራብ ጎጃም ሰው ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ዙሪያ በየገጠሩ የናፍጣ ወፍጮ አለ። የወፍጮው ባለቤት መሐንዲስ አይደለም፤ ግን ትርፍ ቺንጋ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ያስቀምጣል፣ ዘይት የቀየረበትን ቀን በከሰል ይጽፋል፣ ድምፁ ሲለወጥበት ይሰማል። ወፍጮው ከቆመ እራቱ ይቆማልና። ከዚያው ቀበሌ ወጣ ሲሉ ደግሞ በፕሮጀክት የተተከለ የእጅ ፓምፕ እጀታው ተሰብሮ ከብት ያከክበታል። ሁለቱም ብረት ናቸው፤ ልዩነቱ ሲበላሽ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ «ሕዝባችን የጥገና ባህል የለውም» የሚለው የቢሮ ወሬ ውሸት ነው። የጥገና ባህል የሌለው ቢሮው ነው።

መፍትሔው ሁሉን ለግል መሸጥ ነው ማለት ግን አይደለም። ደቅ ደሴት ላይ ምጥ የያዛት እናት ወደ ባሕር ዳር የምትሄደው በጀልባ ነው፤ ትርፍ በሌለበት ቀን የግል ጀልባ አይመጣላትም። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ውሃው ራሱ መንገድ ሆኗል። ሰው በዝቶ፣ ላይፍ ጃኬት ሳይኖር፣ ሞተሯ ግማሽ መንገድ ላይ በምትጠፋ ጀልባ ላይ ሲጫን አደጋው ዕጣ ፈንታ ይባላል። ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ያልተቀየረች ካንዴላ ነች፣ ያልተደፈነች ቀዳዳ ነች፣ ሞልቷል ብሎ የሚመልስ ሰው አለመኖሩ ነው። በተከዜም በዓባይም ስንት ቤት በዚህ ተዘግቷል።

ስለዚህ ነገ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ የተወላጆች ማኅበር «ጀልባ ልናመጣ ነው» ብሎ ሲነሣ፣ አዲስም ትሁን ያገለገለች፣ አዋጪው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ይጠይቅ። ከውሃ ተስባ የምትወጣበት ቦታ የት ነው፤ ጎርጎራ ነው፣ ባሕር ዳር ነው፣ ወይስ በሐሳብ ነው? ያገለገለች ከሆነች ሆዷን አይቶ፣ ብረቷን ለክቶ የፈረመ ባለሙያ ስሙ ማን ነው? በባሕር ዳር ጋራዦች ብየዳም ቶርኖም የሚችል ልጅ ሞልቷል፤ ከመካከላቸው ለዚህች ሞተር የሚሠለጥኑት እነማን ናቸው፣ ሲሠለጥኑስ ደመወዛቸው ከሌላው ጋራዥ እንዳይስባቸው ምን ታስቧል? ከየቲኬቱ ለጥገና የሚቀመጠው ስንት ብር ነው፣ ሒሳቡስ በሌላ ደብተር ነው ወይስ ከውሎ አበል ጋር ተቀላቅሎ? መልስ ከሌለ ገንዘቡ ያሉትን ጀልባዎች ሞተር ለማደስና ላይፍ ጃኬት ለመግዛት ይዋል። ይህ ሪባን አያስቆርጥም፤ ሰው ግን ያሻግራል።

«ጣናነሽ ፪»ም ብትሆን አልረፈደባትም። ጉዞዋን ቀን በቀን ሲነግሩ የነበሩ ሁሉ፣ የቴሌቭዥኑም የቲክቶኩም፣ በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ ወደቡ ድረስ ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁላት፤ ዛሬ ትሠራለች ወይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃ የወጣችው መቼ ነው፣ የሚቀጥለውስ መቼ ነው። የሚሰጠውን መልስ እንዳለ ያሰራጩት።