ስድስት ጊዜ የምትጠየቀው ደባርቅ

አንድ የጎንደር ተማሪ የሰሜን ጎንደርን ከተሞች የሚፈልግ ድረ ገጽ ሠራ እንበል። በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ደባርቅ» ብሎ ይጽፋል። ስሟ አራት ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደላት ድምፅ በሚሠራው የአማርኛ ኪቦርድ ግን ስድስት ቁልፍ ያስነካል፦ ድ፣ ደ፣ ደብ፣ ደባ፣ ደባር፣ ደባርቅ። ገጹ በየለውጡ ሰርቨሩን የሚጠይቅ ከሆነ ስድስት ጥያቄ ተላከ ማለት ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ደግሞ መልሶቹ በተላኩበት ተራ ላይመለሱ ይችላሉ። የ«ደባ» መልስ ዘግይቶ ይደርስና ትክክለኛውን የ«ደባርቅ» መልስ ይሸፍነዋል። ፈጣን መስመር ባለበት ክፍል ሲሞከር ስህተቱ አይታይም፤ የሚወጣው ተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ እንዲህ ላለው ጣጣ መፍትሔ ነው። የቁልፍ ምትም ሆነ የሰርቨር መልስ፣ በየጊዜው የሚመጣውን ሁሉ ኦብዘርቨብል በሚባል ፍሰት ያስተናግዳል። ተከታታዩ ከፍሰቱ የሚሰማው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ አዲስ ዋጋ መጣ፣ ስህተት ተፈጠረ፣ አበቃ። አርኤክስጄኤስ በተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ የደባርቅ ችግር በሁለት ኦፕሬተር ይፈታል። ዲባውንስታይም ጸሐፊው ለአፍታ እስኪያቆም ይጠብቃል። ስዊችማፕ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የቀድሞውን ይተወዋል።

ይህን በኦብዘርቨብል የመሥራት ስልት በማይክሮሶፍት ያዳበሩት ኤሪክ ማየርና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ቀረበ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ጃቫ አመጣው። ዛሬ አንግውላር በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

ያገኘዋል እንጂ በንባብ አይገባውም። አብዛኛው ኦብዘርቨብል ሰብስክራይብ እስኪደረግ፣ ማለትም ተከታታይ እስኪያገኝ ድረስ፣ ምንም አይሠራም፤ ይህን አንብቦ የተስማማ ጀማሪ እንኳ የራሱ ኮድ ዝም ሲለው ግራ ይጋባል። በየሰከንዱ የሚቆጥር ፍሰት ከፍቶ መዝጋት የረሳ፣ ቆጠራው ከጀርባ ሲቀጥል በዓይኑ ካየ ግን ሁለተኛ አይረሳም። ጃፋር ሁሴን በኔትፍሊክስ ሳሉ ያዘጋጁት የልምምድ ስብስብ ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ማፕን፣ ፊልተርን፣ ኮንካትኦልን፣ ሪዲውስንና ዚፕን መጀመሪያ በተራ አሬይ ላይ በእጁ ይጽፋል። ወደ ኦብዘርቨብል ሲሻገር የሚያገኛቸው እነዚያኑ ነው፤ የተጨመረው ጊዜ ብቻ ነው።

በሥራ መማር ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ በደምቢያ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው የወባ ወረርሽኝ ገና ትኩስ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በቡድን አደራጅቶ ሕዝቡ ወዳለበት ጤና ጣቢያ እየላከ አሠለጠነ። ይህ ልማድ ለኮምፒውተር ትምህርትም ሊተርፍ ይገባል።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርቶችን በነፃ ማቅረቡ ትልቅ ዕድል ነው። የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። አርኤክስጄኤስ በበኩሉ አንዴ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ መስመር ይሠራል። የቁልፍ ምቱም፣ የሰዓት ቆጠራውም፣ ሆን ተብሎ የሚዘገየው የሰርቨር መልስም እዚያው ማሽን ላይ ይፈጠራል። መስመር የጠፋበት ቀን ለልምምድ የባከነ ቀን አይደለም።

ስለዚህ በጎንደር ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን፣ ለዚህ ርዕስ ከማብራሪያው ይልቅ ለላቦራቶሪው ብዙ ሰዓት ስጡ። ተማሪዎቻችሁ ስዊችማፕን ከላይብረሪው ከመውሰዳቸው በፊት ራሳቸው ይጻፉት። ከዚያም በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ኔትወርኩን አዘግይተው፣ ደባርቅን በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ ይፈትኑት።