የመጨረሻው እግር

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የ1994ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለጣሊያን ማን አበላሸው? «ባጂዮ!» አላችሁኝ አይደል? (ያኔ ያልተወለድነው እንኳ መልሱን በቃላችን እናውቀዋለን።) ከባጂዮ በፊት ባሬሲ እንደሳተ፣ የማሳሮም ምት በግብ ጠባቂው እንደተመለሰ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የሰው ልጅ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን እግር ነው።

ዛሬ ስለዚህ የመጨረሻ እግር ነው የምጽፈው። የምወስዳችሁ ግን ወደ ሌላ ኳስ ነው፤ አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘው እየሮጡ «ፉትቦል» ወደሚሉት። አትሳቁ። በዚያ በእጅ በሚጫወቱት «የእግር ኳስ» ውስጥ ስሙን የሚያድን አንድ ሰው አለ። ከቡድኑ 53 ተጫዋቾች መካከል ኳሷን መሬት ላይ አስቁሞ ለግብ የሚመታው እሱ ነው። እነሱ ኪከር ይሉታል፤ እኔ መቺው እለዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ልብ የሚለው የለም። የሳተ ቀን ግን ከተማው በሙሉ ስሙን ያውቀዋል።

አቋሜን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳንጣላ። መጥፎ ምት የአንድን ትልቅ ቡድን የውድድር ዓመት ገደል ሊከት ይችላል። እዚህ ላይ ከሁሉም ጋር እስማማለሁ። የማልስማማው «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለው ላይ ነው። መልሱ ሜዳው ላይ የለም፤ ቢሮ ውስጥ ነው።

የገና ሌሊት

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) ቺካጎ ቤርስ በ2018 የውድድር ዓመት ከ16 ጨዋታ 12ቱን አሸነፈ። ከ2010 ወዲህ ጥሎ ማለፍ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ተከላካዮቹ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ያነሰ ነጥብ ያስቆጠረባቸው ናቸው። ከተማው አብዷል።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2019 ፊላደልፊያ ኢግልስ ለጥሎ ማለፍ ቺካጎ መጣ። ቀኑ ለእኛ የገና ዋዜማ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ገሚሱ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ገሚሱ እንቅልፍ ላይ። (እኔ ከሁለተኛዎቹ ነበርኩ። ጨዋታውን ያየሁት ከዓመታት በኋላ፣ አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ «ይህን ሳታዪ ስለ ስፖርት እንዳትጽፊ» ብሎ ሲልክልኝ ነው።)

ቤርስ 16 ለ 15 እየተመራ ነው። የቀረው 10 ሰከንድ ነው። መቺው ኮዲ ፓርኪ ከ43 ያርድ፣ ማለትም ከ39 ሜትር ገደማ፣ ሊመታ ቆመ። ኳሷ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 3 ነጥብ ነው። ዓመቱ ይቀጥላል።

መታ። ገባች! ግን አልተቆጠረችም፤ የኢግልስ አሰልጣኝ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ዕረፍት ጠይቆ ነበር። (የመቺን ልብ ለማቀዝቀዝ የሚጠቀሙባት የቆየች ተንኮል ናት።) ደግሞ መታ። ኳሷ ግራውን ቋሚ ላተመች፣ ወርዳ አግዳሚውን ነካች፣ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ስታዲየሙ በጩኸትና በፉጨት አወረደበት። የቤርስ ዓመት አለቀ።

«አንድ ሥራ ነው ያለው!»

ከዚያ በኋላ ስለ ፓርኪ የተባለው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ «ሰውዬው ያለው አንድ ሥራ ነው፣ እሱንም አቃተው!» እዚህም ኳስ በሚታይበት ካፌ ሁሉ፣ ፍጹም ቅጣት ምት በተሳተ ቁጥር የሚባል ነገር ነው።

እስቲ እንቁጠረው። የዚያን ቀን ከቤርስ 15 ነጥቦች ዘጠኙ የመጡት ከማን እግር ነው? ከፓርኪ። ከመጨረሻዋ በፊት የመታቸው ሦስቱም ገብተዋል። ያ የተወደሰ መከላከያስ? ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀረው፣ ከሁለት ያርድ ላይ፣ ኢግልስ የመጨረሻ ዕድሉን ሲሞክር የማሸነፊያውን ነጥብ አስገብቶበታል። የመጨረሻዋ ምት ራሷም ንጹሕ አልነበረችም። የኢግልሱ ትሬቮን ሄስተር በጣቱ ነክቷታል፤ ሊጉም በማግስቱ መዝገቡን አርሞ «የተመለሰ ምት» ብሎ ጽፎታል። ከስድስት ቀን በኋላ በቺካጎ አንድ ቢራ ጠማቂ «ከ43 ያርድ ያስገባ ይሸለማል» ቢል፣ በረዶው ላይ ከመቶ በላይ ሰው ተሰልፎ መታ። አንድም አልገባም። ያን ሳምንት «እኔም አስገባት ነበር» ያለ ሁሉ መልሱን አገኘ።

ደግሞ «አንድ ሥራ» የሚሉት የሦስት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መካከል ኳሷን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ሁለተኛው ተንበርክኮ ተቀብሎ መሬት ላይ ያቆማታል፣ ሦስተኛው ይመታል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው አንድ ሰከንድ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ነው። ስም የሚጠራው ግን የሦስተኛው ብቻ ነው።

ፓርኪ ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። በዚያ ዓመት ከሞከራቸው 30 ምቶች ያስገባው 23 ነው፤ በዚያ ሊግ ይህ ደካማ ውጤት ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን የሚያውቅ ቡድን፣ ዓመቱን በሙሉ በዚያ እግር ላይ አንጠልጥሎ ጃንዋሪ የደረሰው እንዴት ነው?

ማን አባረረ? ማን ቀጠረ?

ሮቢ ጉልድ የሚባል ሰው ነበር። ለቤርስ 11 ዓመት የመታ፣ በክለቡ ታሪክ ከፍተኛውን ነጥብ ያስቆጠረ። በ2015 መጨረሻ ወሳኝ ምቶች ሳተና በ2016 ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አሰናበቱት። ከዚያስ? ጉልድ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ለሌሎች ቡድኖች ከሞከራቸው 85 ምቶች 82ቱን አስገባ። ዲሴምበር 2017 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮን ማልያ ለብሶ ቺካጎ ተመለሰና አምስት ምት አስገብቶ ቤርስን 15 ለ 14 ቀጣ። አሥራ አምስቱም ነጥብ የእሱ ነው! ፈጣሪ ከዚህ በላይ ምን ብሎ ይንገራቸው?

ቤርስ በእሱ ቦታ አንዱን ቀጠረ፣ አሰናበተ፣ ሌላ አመጣ፣ እሱም ተጎዳ፣ ሦስተኛ አመጣ። በ2018 መጀመሪያ ለፓርኪ የአራት ዓመት፣ የ15 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። 9 ሚሊዮኑ በዋስትና የታሰረ፣ ቢያባርሩትም የሚከፈለው ነው።

ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ማስጠንቀቂያው መጣ። ፓርኪ ከዲትሮይት ጋር በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ቋሚ መታ። አራት ጊዜ! ቡድኑ ስላሸነፈ ነገሩ ሳቅ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ነው ክለቡ «እስኪ ስታዲየሙ ውስጥ ይለማመድ» ያለው። ቤርስ የሚጫወትበት ሶልጀር ፊልድ ያለው ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ነው፤ ነፋሱ የታወቀ ነው። መቺያቸው ግን እስከዚያ ቀን ይለማመድ የነበረው ከከተማ ውጪ ባለው የልምምድ ሜዳ ነው። ስታዲየም ገብቶ ሲለማመድ የቴሌቪዥን ሄሊኮፕተሮች ከላይ ቀረጹት። ልምምዱ ራሱ ዜና ሆነ! እንዲህ ነው የሰው ልብ የሚጠነክረው?

ሌላ መቺ ፈልገው ማወዳደር ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ምክንያቱን በልባቸው ገብቼ አላየሁም፤ ግን የ9 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና የፈረመ ሰው «ተሳስቻለሁ» ለማለት ምላሱ ይከብደዋል። እናም አራት ጊዜ ቋሚ የመታው ሰው ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ ቀጠለ።

የተያያዘ ሰንሰለት

ይህ የቤርስ ብቻ ችግር ቢሆን ባልጻፍኩ። ኢግልስ ያን ቀን ቺካጎ እንዴት እንደተገኘ ታውቃላችሁ?

ሴፕቴምበር 2018 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ከግሪን ቤይ ጋር ሲጫወት፣ ዳንኤል ካርልሰን የሚባል ለሊጉ አዲስ የሆነ ልጅ ሦስት ምት ሳተ። ሁለቱ በተጨማሪው ሰዓት ነበሩ። ጨዋታው 29 ለ 29 ተጠናቀቀ። በማግስቱ አባረሩት፤ ልጁ ለቡድኑ የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ቫይኪንግስ ዓመቱን በ8 ድል፣ በ7 ሽንፈትና በዚያች አንዲት አቻ ጨረሰ። ኢግልስ 9 አሸንፎ የመጨረሻዋን ቦታ ወሰደ። ያቺ አቻ ድል ብትሆን ኖሮ ሁለቱ እኩል ይሆኑ ነበር፤ እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ ያሸነፈው ቫይኪንግስ ስለነበር ቦታው የእሱ ነበር። ኢግልስም ቤቱ ይቀመጥ ነበር።

ካርልሰንስ? ኦክላንድ ሬይደርስ ወሰደው። በዚያው ዓመት ከ17 ምት 16ቱን አስገባ። እግሩ ያው እግር ነው። የተለወጠው አለቃው ነው።

ከዚያ በፊት በ2017 ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ጆሽ ላምቦን አሰናብቶ ያንግዌ ኩን ያዘ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በ3 እና በ2 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። ሁለቱም ያለቁት ባልገባች የኩ ምት ነው። ከአራተኛው ጨዋታ በኋላ ኩም ተሰናበተ። በዚያ ዓመት አራት መቺ አፈራርቀው፣ 9 አሸንፈው 7 ተሸንፈው፣ ከእነሱ ጋር እኩል ያሸነፉ ቡድኖች ሲያልፉ እነሱ ቀሩ። የተባረረው ላምቦ በጃክሰንቪል ከ20 ምት 19 አስገባ። የተባረረው ኩ ደግሞ በ2020 ለአትላንታ ከ39 ምት 37 አስገባ። ሁለት እሳት የላሱ መቺዎች በአንድ ዓመት ከበራቸው አስወጥተው «መቺ አጣን» አሉ። ምን ትሏቸዋላችሁ?

የመጨረሻዋ እጅ

ለምን በዚህ ነገር እንዲህ እንደምቃጠል ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ አንድ ጋዜጣ ተልኬ ነበር (ስሙ ይቅር)። አንድ ማታ ሪፖርተሩ ዜናውን አዘግይቶ አመጣ፣ አዘጋጁ ርእሱን ሦስቴ ለወጠው፣ ገጹን የሚሠራው ልጅ እንደ ገና ተየበው፣ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል «ቶሎ ዓይንሽን ጣይበት» ተብሎ ተሰጠኝ። ጠዋት የፊት ገጹ ርእስ አንድ ፊደል ጎድሎት ወጣ። በስብሰባው ላይ የተባለው አንድ ነገር ነው፦ «ይቺ ልጅ አላየችውም።»

አላየሁትም፣ እውነት ነው። ግን ተለማማጅን በእኩለ ሌሊት ብቸኛ አራሚ ያደረገው ማን ነበር? እሱን የጠየቀ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ የመጨረሻዋ እጅ ናችሁ። ታውቁታላችሁ።

ጅብ ከሄደ

ፓርኪ ከጨዋታው ጥቂት ቀናት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ስለ ስህተቱ ተናገረ። አሰልጣኙ ማት ናጊ አልወደዱለትም፤ እዚህ ቤት «እኛ» እንጂ «እኔ» አይባልም የሚል ይዘት ያለው ቅሬታ አሰሙ። ይገርማችኋል! ኳሷ ቋሚ ስትመታ «እሱ» ነበር፤ አፉን ሲከፍት «እኛ» ሆነ። በማርች አሰናበቱት።

በሜይ 2019 ደግሞ ስምንት መቺዎች ጠርተው ተራ በተራ ከዚያችው ከ43 ያርድ አስመቱ። ሁለት ብቻ አስገቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ያ ልፋት በኖቬምበር፣ አራቱ ቋሚ በተመታ ማግስት ቢሆን ኖሮ ውድድር ይባል ነበር። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል እንዳልል፣ በዚያው ዓመት አዲሱ መቺያቸው ከ41 ያርድ የመጨረሻዋን ምት ስቶ በቻርጀርስ 17 ለ 16 ተሸነፉ። 8 አሸንፈው 8 ተሸንፈው ከጥሎ ማለፍ ቀሩ።

«ታዲያ መቺ ሲስት ዝም ይባል?» ለምትሉኝ፦ አይባል። ይሰናበትም ካስፈለገ። ግን አንድ ምት 3 ነጥብ ከሆነ፣ 3 ነጥብም ዓመት የሚያስቀር ከሆነ፣ መቺውን የሚመርጠው ሰውም በዚያችው 3 ነጥብ ይመዘን። ጉልድን ያሰናበተውም፣ ፓርኪን የቀጠረውም፣ ማስጠንቀቂያውን አይቶ ያለፈውም አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ራያን ፔስ ይባላል። እሱ ከቤርስ የተሰናበተው በ2022 ነው፤ ከዚያች ምት ሦስት ዓመት ቆይቶ። የመቺው ሒሳብ ግን በሦስት ወር ውስጥ ተዘጋ።

በእኛ የገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣም ይባላል፤ ሩሯን እያሳደደ የመጣ ዱላ ሎሌና ጌታ አይለይም። በዚያ የገና ሌሊት ቺካጎ ላይ ግን ዱላው ጌታውን ዘሎ ሎሌው ላይ አረፈ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ፣ በየትኛውም ኳስ፣ የመጨረሻው እግር ሲስት ስታዩ፣ ቀልዱን ለጓደኞቻችሁ ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተመልከቱ። ወደ ክብር ትሪቡኑ። እዚያ ሱፍ ለብሶ ራሱን የሚነቀንቀውን ሰውዬ አያችሁት? እሱን ጠይቁት።