160 ደቂቃ ሁሉ እኩል አይደለም

በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ተነሥቷል። በሳምንት 4 ቀን ለ40፣ 40 ደቂቃ የሚሰጠው አማርኛ ተጠቃልሎ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ ይሰጥ የሚል ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ እንዲያም ሆነ እንዲህ 160 ደቂቃ ነው። እኛ ግን አንስማማም።

የጊዜ ርዝመት በየሙያው የተለያየ ትርጉም አለው። በፊዚክስ አንድ ሰከንድ የትም አንድ ሰከንድ ነው፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሲዚየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ይለካል። በሙዚቃ ኖታው የሚነግረን ይኼኛው ድምፅ የዚያኛው እጥፍ ወይም ግማሽ መሆኑን ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚወስነው የዜማው ፍጥነት ነው። እንጀራ ጋጋሪም የምጣዱን እሳት ብታበዛ ሊጡ የሚቦካበትን ቀን አታሳጥርም።

በአማርኛ ደግሞ ርዝመት ራሱ ትርጉም ነው። «ገና» የሚለው ቃል «ና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። ልዩነቱ ምላስ ተነባቢው ላይ የምትቆይበት ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። በተለመደው አጻጻፋችን የማጥበቂያ ምልክት ስለማናደርግ፣ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩና ከጆሮው ልማድ ማወቅ አለበት። «ዋናው በር» የሚለውን አላልቶ አንብቦ፣ በሩ እንዴት እንደሚዋኝ የጠየቀ ተማሪ አለን! ናይሮቢ ውስጥ ቀኑን በእንግሊዝኛና በኪስዋሂሊ የሚውል ልጅ ይህን ጆሮ የሚያገኘው ቶሎ ቶሎ በመስማት ነው። ስድስት ቀን ዘግቶ በሰባተኛው በመስማት አይሆንም።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ራሱን እየፈተነ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማስታወስ ጥናት፣ በቀናት የተከፋፈለ ልምምድ በአንድ ጊዜ ከታጨቀው እንደሚሻል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም አጽንተውታል።

የልጆቹ ድካም እውነት መሆኑን እናያለን፤ የቤት ሥራው ከባድ ነው፣ የከተማው የመንገድ መጨናነቅም ሌላ ጣጣ ነው። የግድ መቀነስ ካለበት ክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ይሁን፤ 4ቱ ቀን ግን አይነካ። 120 የተበታተነ ደቂቃ ከ160 የተጠቃለለ ይበልጥብናል።

የሚመጣው ዓመት ፕሮግራም የሚጸድቀው በወላጆች ኮሚቴ ነው። ከዚያ በፊት፣ የፈቀዳችሁ ቀን መጥታችሁ የ3ኛ ክፍልን የንባብ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ አዳምጡልን።