አዋጁ ወጣ፤ ሆሳዕና መቼ ይደርሳል?

የተወካዮች ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ን ሲያጸድቅ ለሠራተኛው ትልቅ እርምጃ ነው ተብሎለት ነበር። እውነቱን ለመናገር አዋጁ መልካም ነገር አላጣም። የወሊድ ፈቃድ ከ90 ቀን ወደ 120 አደገ፤ ለአባት 3 ቀን ተሰጠው፤ የዓመት ፈቃድ መነሻው ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አለ።

ኧረ ለመሆኑ ሆሳዕና፣ ዱራሜና ሺንሺቾ ውስጥ ስንቱ ሠራተኛ ነው ይህን ፈቃድ የወሰደ? መናኸሪያ አካባቢ ቁርስ ቤት የምታስተናግደው ልጅ፣ ለኮንትራክተር ብሎኬት ሲሸከም የሚውለው ጎረምሳ፣ እህል በረንዳ ጆንያ የሚያወርደው አባወራ፣ የሥራ ውላቸው «ነገም ና» የምትል አንዲት ቃል ናት። የቤት ሠራተኛዋንማ አዋጁ ገና ከደጅ መልሷታል። የእሷ ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ይላል። ይህ ተስፋ በ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42ም ተጽፎ ነበር። ጉድ በል ሆሳዕና!

ዋናው ቁስል ግን ደመወዙ ላይ ነው። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል እንደሚያጠና ይናገራል፤ ቦርዱን የሚያቆመው ግን ሌላ ደንብ ነው። ዓመታት አለፉ፤ በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን ሲከበርም ኢሠማኮ ያንኑ የዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄ ደግሞ ሲያነሳ ሰማን። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ሲሆን ወለል ማበጀት አላቃተውም። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛውን ደመወዝ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6,000 ብር አድርጎታል። የግሉ ሠራተኛ ገበያ የሚገባው በሌላ ብር ነው እንዴ?

ወለል ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ሐዋሳ ላይ አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የደቡብን የገጠር ልጃገረዶች ሰብስቦ ሲያሠራ መነሻ ደመወዛቸው 750 ብር ገደማ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ይህ በወር 26 ዶላር ማለት ነው፤ በዓለም ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ከዚህ ያነሰ የለም አሉ። ባለሥልጣኖቻችን ግን ርካሽ ጉልበት አለን እያሉ ባለሀብት ይጠሩበት ነበር።

ታዲያ የሐዲያና የከምባታ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ቢል ምን ይገርማል? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ። እንዲህ ያለ መርዶ በመጣ ቁጥር ደላላው ይወገዛል። ይወገዝ፤ ይገባዋል። ልጁን ከቤቱ ያስወጣውን የቀን ሒሳብ ግን ማን አነሳው?

የሙከራ ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። ድሮ 45 ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ልጅ አሥር ሳምንት ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ልትባረር ትችላለች። ትሪ መያዝ መቻሏን ለማወቅ ሁለት ወር ተኩል ይፈጃል?

ሆኖም ቀጣሪዎች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ሙከራ የሚጸናው በጽሑፍ ከተደረገ ብቻ ነው። ወረቀት ያልሰጠ አሠሪ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ማለት አይችልም። ውሉ በቃል መሆኑም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ቁርስ ቤቱ አራት ሰው ብቻ ቢኖረውም፣ ከአሥር ሰው በታች ባሉባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ተሰባስበው አሥር ከሞሉ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላሉ። የሆሳዕና አስተናጋጆች ከአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ብቻ ከአሥር በላይ እንደሚሆኑ ያየ ያውቃል።

ቀኑን ግን ልብ በሉ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቀጣሪው ይህንን ያውቃል፤ «ትንሽ ታገሺ» የሚለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።