ከጀመዓው ወጣ እንጂ ከዲኑ አልወጣም

የሸቤና የጅማ ወጣቶች!

በጅማ ዙሪያ ሰው «ኸዋሪጅ» የሚለው ቡድን ከእሱ ውጭ ያለውን ሙስሊም ካፊር ሲል ሰምተናል። እኔ የነበርኩበት ጀመዓ ስሙ ሌላ፣ አመሉ ግን ያው ነበር። ኳስ ዛዛታ ነው፣ ልጅ ማጫወት መዘናጋት ነው ሲሉኝ አመንኩ። በኋላ ሴት ልጄ ኮቴዬን ስትሰማ ወደ ጓዳ መሸሽ ጀመረች። ያኔ ነው የነቃሁት።

ዛሬ ከሱብሒ በኋላ በቦንጋ መንገድ እሮጣለሁ፤ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ገበያ እወጣለሁ። «ዲኑን ለቀቀ» ተባልኩ። ማስረጃው ይኸው ነው!

እስኪ መልሱልኝ፦ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር ሩጫ አልተወዳደሩም? የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው አልሰገዱም? አል-አቅረዕ ኢብኑ ሐቢስ ከአሥር ልጆቹ አንዱንም ስሞ እንደማያውቅ ሲነግራቸው፣ የማያዝን እንደማይታዘንለት አልነገሩትም? ቀን እየጾመ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰግድ የነበረውን ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን፣ ሰውነቱም ሚስቱም ሐቅ እንዳላቸው አላስታወሱትም?

ታዲያ ከረሱል በላይ ጠንቃቃ ልትሆኑ ነው?

አዎ፣ ከጀመዓ ወጥቶ ሶላቱንም የጣለ አለ። እሱንም ቢሆን የሚመልሰው ሰላምታ እንጂ ስድብ አይደለም። «ካፊር» የሚለው ቃል እንደ ቡና ቁርስ አይታደልም!

ነገ አንድ አባት ሲሮጥ ካያችሁ አትጠቋቆሙበት፤ ሰላም በሉት። የቻለ ደግሞ አብሮት ይሩጥ።