58 ለ 56፦ ሳይቆፈር የተቆጠረ ምርት

ስድስተኛው ዙር አልቋል። ዩክሬናዊው ቡጢኛ ቪታሊ ክሊችኮ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ከግራ ዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ተተርትሮ ደሙ እስከ ደረቱ ወርዷል። ሐኪሙ ፖል ዋላስ ቁስሉን ሊያዩ ቀረቡ። ክሊችኮ ቀና ሲል የላይኛው የዓይኑ ቆብ ወርዶ እይታውን ጋረደው። ሐኪሙ ሌላ ምርመራ አላስፈለጋቸውም። ፍልሚያው ይቁም አሉ፤ የመሐል ዳኛው ሉ ሞሬትም አቆመው። ክሊችኮ እጁን እያወናጨፈ ተቃወመ፤ የሎስ አንጀለሱን ስቴፕልስ ሴንተር የሞላው ከ15 ሺህ በላይ ተመልካችም በጩኸት አገዘው።

ቀኑ ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2003) ነበር። ሦስቱም የነጥብ ዳኞች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ 58 ለ 56 ብለው የጻፉት ለክሊችኮ ነው። ከስድስት ዙር አራቱን ወስዷል ማለት ነው። እጁ ከፍ ብሎ አሸናፊነቱ የታወጀው ግን የዓለም ቡጢ ምክር ቤት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ እንግሊዛዊው ሌኖክስ ሌዊስ ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ቡጢ ወዳዱ ሁለት ጎራ ሆኖ ይከራከራል፦ ሌዊስ አሸነፈ ወይስ ተረፈ?

ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። ሌዊስ በደንብ አሸንፏል፤ ያሸነፈውም በእጁ ነው። ሊወቀስ የሚገባው በሌላ ነገር፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ ባላደረገው ነገር ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ተደባልቀው ስለሚነሱ ክርክሩ ፍሬ አይዝም።

መጀመሪያ «እየመራ ነበር» የሚለውን በዝንጅብል ማሳ ምሳሌ እንመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ ሀደሮና አካባቢዋ በዝንጅብል ይታወቃሉ። ከማሳው ዳር ቆሞ ቅጠሉን እያዩ «ይኼ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል» ብሎ መገመት ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ግን አጠውላጊው የባክቴሪያ በሽታ በደቡብ የዝንጅብል ማሳዎች ላይ ወረደ። ቅጠሉ ዓይን እያየ ቢጫ ሆነ፣ ከሥር ያለውም በሰበሰ። ብዙ ገበሬ የገመተውን ኩንታል ይዞ ገበያ ሳይወጣ ቀረ። የ12 ዙር ፍልሚያ በስድስተኛው ዙር ላይ ያለው ነጥብም እንዲሁ ነው፤ ገና ከመሬት ያልወጣ ምርት። ግማሹ ውድድር ሲቀር «እየመራ ነበር» ማለት እውነት ነው፤ «አሸንፎ ነበር» ማለት ግን አይደለም።

ደግሞስ ምርቱን ያበሰበሰው ማን ነው? እዚህ ላይ የቡጢ ሕግ ግልጽ ነው። አንድ ተፋላሚ በሕጋዊ ምት ተተርትሮ መቀጠል ካልቻለ፣ ውጤቱ ለመቺው በቴክኒክ ዝረራ ይመዘገባል። ቁስሉ የመጣው ሳይታሰብ በጭንቅላት ግጭት ከሆነና አራት ዙር ካለፈ ግን የዳኞቹ ወረቀት ይወጣና በነጥብ የሚመራው ያሸንፋል። የክሊችኮ ቅንድብ በሌዊስ ጭንቅላት ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ፣ ያ 58 ለ 56 ቀበቶውን ወደ ዩክሬን ይልከው ነበር። የሰነጠቀው ግን በሦስተኛው ዙር ያረፈ የሌዊስ ቀኝ እጅ ነው።

ስለዚህ ቁስሉን እንደ ዝናብ ወይም እንደ መብራት መጥፋት ከውጭ የመጣ እንቅፋት አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው። ሌዊስ በሁለተኛው ዙር በክሊችኮ ቀኝ እጅ ክፉኛ ተናውጦ ነበር። እግሩ ከድቶት፣ ትንፋሹ አጥሮት፣ 37 ዓመቱና ያመጣው ክብደት ተጭኖት ነበር። 116 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ መጥቷል፤ በቡጢ ዘመኑ ሁሉ ይህን ያህል ከብዶ አያውቅም። በሦስተኛው ዙር የክሊችኮን ዓይን ካደማ በኋላ ግን የተከፈተለትን በር አየ። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ላይ ደጋገመ። በስድስተኛው ዙር ደግሞ ከታች ወደ ላይ በሚወጣ ቡጢ የክሊችኮን አገጭ ወደ ኋላ ቀለበሰው። በደከመ አካል ያለቀ ሥራ ነው እንጂ ዕድል አይደለም።

ቅንድብ ላይ ቆዳው ከሥሩ ያለው አጥንት ላይ ተወጥሮ የተቀመጠ ነው። ጓንት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ደሙ ወደ ዓይን ይወርዳል። በማዕዘኑ ያለው ደም አቋሚ ያለው አንዲት ደቂቃ ብቻ ናት፦ በፎጣ ይጠርጋል፣ በአድሬናሊን በተነከረ ጥጥ ይጫነዋል፣ በላዩ ቫዝሊን ይለጥፋል። ቀጣዩ ዙር ሲጀመር የመጀመሪያው ምት ቫዝሊኑን ይጠርገዋል። የክሊችኮ ፊት ከፍልሚያው በኋላ 60 ስፌት ገብቶበታል። ይህን ቁጥር ይዞ ሐኪሙን መውቀስ ይከብዳል። የሚመጣበትን ቀኝ እጅ የማያይ ተፋላሚ ፊት፣ 116 ኪሎ ሰው እንዲቆም ማን ይፈቅዳል?

እርግጥ ሌላ ሐኪም ሌላ ሊወስን ይችላል። መስከረም 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ላስ ቬጋስ ላይ ታይሰን ፉሪ ከስዊድናዊው ኦቶ ዋሊን ጋር ሲፋለም በሦስተኛው ዙር ከቀኝ ዓይኑ በላይ ተቀደደ። ቁስሉ በምት የመጣ ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ቢቆም ኖሮ ያልተሸነፈው ፉሪ ተሸናፊ ነበር። አልቆመም። ደሙን እየጠረገ እስከ 12ኛው ዙር ታግሎ በነጥብ አሸነፈ፣ ከዚያ 47 ስፌት ተሰፋለት። የክሊችኮ ደጋፊዎች ይህን ምሳሌ ይወዱታል። የረሱት ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ሐኪም የሚፈርደው ፊቱ ባለው ቁስል መሆኑን ነው። የሎስ አንጀለሱ ውሳኔ የተመሠረተው በደሙ ብዛት ወይም በስፌቱ ቁጥር ሳይሆን በወረደው የዓይን ቆብ ላይ ነው።

ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ክርክር ነበር። ሰኔ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይ ላይ ሄንሪ ኩፐር በአራተኛው ዙር መጨረሻ በግራ እጁ ካሲየስ ክሌይን፣ የኋላውን መሐመድ አሊን፣ ገመዱ ላይ ጣለው። በአምስተኛው ዙር ግን የኩፐር ዓይን ተተርትሮ ፍልሚያው ቆመ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሃይበሪ ላይ ተገናኙ፤ ኩፐር ዳግመኛ በዚያው በዓይኑ ምክንያት በስድስተኛው ዙር ተሸነፈ። እንግሊዞች ዛሬም የሚተርኩት ያቺን ግራ እጅ ነው። ቢሆንም የአሊን ድል የሚጠራጠር የለም፤ አንዱ ምክንያት አሊ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

የሌዊስ ዕዳ እዚህ ጋ ነው።

ሌዊስ በቡጢ ዘመኑ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተሸነፈው። በ1987 ዓ.ም. ኦሊቨር ማኮል፣ በ1993 ዓ.ም. ሃሲም ራህማን አሸነፉት። ሁለቱንም በመልስ ፍልሚያ አግኝቶ ዕዳውን መለሰ። የመልስ ፍልሚያ ምን እንደሆነ፣ የሰውን ስም እንዴት እንደሚያድስ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ተራው የሱ ሲሆን ግን አልሰጠም። ጥር 28 ቀን 1996 ዓ.ም. ከቡጢ መሰናበቱን አስታወቀ፤ 41 ድል፣ 2 ሽንፈት፣ 1 አቻ። ዕድሜውን ላየ ሰው ውሳኔው ብልህነት ነው፤ በሰዓቱ መውረድ የቻለ ሻምፒዮን ጥቂት ነው። ነገር ግን ብልህነትና ዕዳ መክፈል አንድ አይደሉም። በሎስ አንጀለስ ማሸነፉ የማይነካ ሲሆን፣ «ክሊችኮን እበልጠዋለሁ» ለማለት ግን የቀሩት ስድስት ዙሮች ያስፈልጉት ነበር።

ለንጽጽር ያህል የራሳችንን አንድ ቀን እናስታውስ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ማራቶኑን አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ከሁለተኛው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። «አበበ ባይጎዳ ኖሮ» የሚል ወሬ በቡና ላይ ይነሳ ይሆናል፤ የማሞን ወርቅ ግማሽ ነው የሚል ግን የለም። ምክንያቱም ማሞ የቀረውን መንገድ ሁሉ ሮጧል። ሌዊስ የቀረውን መንገድ አልሮጠም፤ እንዲሮጥ ሕጉ አላስገደደውም፣ ራሱም አልፈለገም።

ክሊችኮስ? ስሙን ያነሳለት ያ ሽንፈት ነው። ከዚያ ፍልሚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 23 ቀን 1992 ዓ.ም. በርሊን ላይ ክሪስ በርድን በሁሉም ዳኞች ነጥብ እየመራ ሳለ፣ ትከሻው ተጎድቶ ከዘጠነኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። «ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው» የሚል ስም ተለጠፈበት። በሎስ አንጀለስ በአንድ ዓይን ልቀጥል ብሎ ሲጮህ ያ ስም ታጠበ። የቡጢ መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ሽንፈቶች እነዚህ ብቻ ናቸው፤ በሁለቱም ቀን በነጥብ እየመራ ነበር፣ በሁለቱም ቀን አልተዘረረም።

አንድ ፍልሚያ ትቶት የሚያልፈው ነገር ቀለበቱ ውስጥ ብቻ እንደማይወሰን ኢትዮጵያ ራሷ ታውቃለች። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ላይ ጥቁሩ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ሲገጥም፣ የሙሶሊኒ ጦር ሊወረን እየተዘጋጀ ነበር። ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሉዊስ የኢትዮጵያ ወገን ሆኖ ነበር የገባው። በስድስተኛው ዙር ካርኔራን ደጋግሞ ጣለውና ዳኛው አቆመው። ሦስት ወር ከጥቂት ቀን አልፎ ወረራው ተጀመረ። ያንን ፍልሚያ ሰው የሚያስታውሰው በነጥቡ አይደለም። ክሊችኮም በ2006 ዓ.ም. የኪየቭ ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል፤ ዛሬ ስለ ሎስ አንጀለሱ ሌሊት የሚያወራ ሰው በዚያ ደም የለበሰ ፊት ውስጥ የኋላውን ከንቲባ ጨምሮ ያያል። ትዝታው ቢያዘነብልለት አይገርምም፤ የዳኛ ወረቀት ግን በኋላ ዝና አይታረምም።

አንድ ነገር ይቀራል። ክሊችኮ ለዚያ ፍልሚያ የተጠራው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው፤ የሌዊስ የመጀመሪያ ተጋጣሚ ካናዳዊው ኪርክ ጆንሰን ተጎድቶ ስለወጣ። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ሌዊስ ገና ሻምፒዮን ሳለ፣ ክሊችኮ ከዚያው ከጆንሰን ጋር ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ገባና በሁለተኛው ዙር ጨረሰው። የተሰፋው ቅንድብ አልተከፈተም። ሁለት ወር ቆይቶ ሌዊስ መሰናበቱን ተናገረ፤ ባዶ የቀረውን ቀበቶ ደግሞ ክሊችኮ ሚያዝያ 16 ቀን ኮሪ ሳንደርስን በስምንተኛው ዙር አሸንፎ ወሰደው፤ እዚያው ስቴፕልስ ሴንተር፣ ሐኪሙ ቀና እንዲል አድርገው ባዩበት አዳራሽ ውስጥ።