ርካሹ ጠመኔ

ስለ ፑል ጠመኔ ርእሰ አንቀጽ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምግብ ቤቱ ሰልፍ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር፣ የመኝታ ቤቱ ውሃ እያለ ከስኳር አንኳር የማይበልጥ ሰማያዊ ነገር ምን ያነጋግራል የሚሉን አሉ። ነገር ግን ባለፉት ሳምንታት በመዝናኛ ክፍላችን የተነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ማለትም የጠረጴዛው ጨርቅ መበላሸት፣ የጨዋታው ዋጋ ይጨመር የሚለው ሐሳብ፣ እንዲሁም አንድ ተማሪ የራሱን ጠመኔ ይዞ መጫወት ይችላል አይችልም የሚለው ክርክር፣ ተጎትቶ ሲታይ ሥሩ ይኸው አንኳር ነው። የጠረጴዛው ባለቤት ማኅበሩ፣ የማኅበሩም ባለቤት እያንዳንዳችን ስለሆንን ጉዳዩን በዝምታ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየንም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ተጫዋቾች «ቾክ» የሚሉት ይህ አንኳር ጠመኔ ይባል እንጂ በክፍል ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍበት ጠመኔ ጋር ዝምድና የለውም። የሰሌዳው ጠመኔ የሚሠራው ከጂፕሰም ወይም ከኖራ ድንጋይ ነው። ከዚህ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በርሃ ሲወርድ፣ ከወንዙ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ድረስ ከሚያልፍባቸው የድንጋይ ንብርብሮች መካከል ጂፕሰም አለ። ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ በጥፍር ይፋቃል፤ ለመጻፍ የተመቸውም ስለዚሁ ነው። የፑሉ ጠመኔ ግን የተሠራው ለመጻፍ ሳይሆን ቆንጥጦ ለመያዝ ነው። በውስጡ ያለው ዋና ነገር ሲሊካ፣ ማለት የደቀቀ የአሸዋ ዘር፣ እንዲሁም አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ማለት በብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ጠንካራ ዱቄት ሲሆን፣ ሁለቱ በማጣበቂያና በቀለም ተለውሰው ይጠፈጠፋሉ።

ይህን አሠራር ያመጡት ዊልያም ስፒንክስ የተባለ አሜሪካዊ የቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ የቺካጎ ኬሚስት ናቸው። ስፒንክስ ከፈረንሳይ ያገኘው አንድ ጠመኔ ከሌላው ሁሉ በልጦ ስለታየው ለሆስኪንስ አስመረመረው፤ ሲመረመርም ተራ ጠመኔ ሳይሆን ከሲሲሊው ኤትና ተራራ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ልዩ ልዩ ዱቄት እየደባለቁ ሞክረው በ1897 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጡበት። ዛሬ በየፑል ቤቱ የምናየው ሁሉ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። (ጉናም የጥንት እሳተ ገሞራ ነውና ድንጋዩን ፈጭተን እንሽጥ ያለን ጓደኛ አለ፤ ሐሳቡን ለኬሚስትሪ ተማሪዎች አሳልፈናል።)

ጠመኔው ለምን ያስፈልጋል? ነጯን ኳስ መሀል ለመሀል ስንመታት ጠመኔ ባይኖርም ትሄዳለች። ጎኗን ወይም ሥሯን መትተን እንድትሽከረከር ወይም ወደ ኋላ እንድትመለስ ስንፈልግ ግን በስቲኩ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ በለስላሳው ኳስ ላይ ይንሸራተታል። ደቃቁ ዱቄት ቆዳውንና ኳሱን ለዐይን ጥቅሻ ያህል ያያይዛቸዋል። የፊዚክስ ተማሪዎች ስሙን በሌላ ነገር የሚያውቁት ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1835 እ.ኤ.አ. ስለ ቢሊያርድ ኳስ እንቅስቃሴ ሒሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟልና፣ ፑል የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ መምህራን ይህን ልብ ቢሉት ደስ ይለናል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሚይዘው ዱቄት የሚያበላሸውም እርሱ ነው። በስቲኩ ላይ ከተቀባው ጥቂቱ ብቻ ሥራውን ሠርቶ የቀረው ጨርቁ ላይ ይረግፋል። ኳሶቹ ሲንከባለሉበት ዱቄቱ በጨርቁ ክር ውስጥ እየገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሥር ይፈገፍገዋል። ኳስ ላይ የተጣበቀውም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሁለት ኳሶች ልክ በቆሸሸው ቦታ ላይ ከተጋጩ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ኳሱ ከታሰበለት መንገድ ይወጣል። ተጫዋቹም ጠረጴዛውን ይረግማል፣ ወይም ጓደኛውን አጭበረበርህ ይለዋል። ባለፈው ወር አንገት ለአንገት ያስተናነቀው ጨዋታ ምክንያቱ ይህ እንደ ነበር በቦታው የነበሩ ያውቃሉ።

አሁን በክፍሉ ውስጥ ያለው ጠመኔ በግዢ ኮሚቴው በኩል የተገዛ፣ የሠሪው ስም ያልተጻፈበት፣ በገበያው ውስጥ ከሁሉ የረከሰ ነው። በአውራ ጣት ጫን ቢሉት ይፈረፈራል። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ አሻሽቶ ወረቀቱን መታ ማድረግ ይበቃል፤ ደኅናው ጠመኔ ቀለሙን ይዞ ሲቀር የእኛው ግማሹ ወለል ላይ ይገኛል። በክረምት የደጋው እርጥበት ሲገባው እንደ ጭቃ ይለጠፋል፣ በበጋ እንደ መንገድ አቧራ ይበናል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ አንኳሩ ሲያልቅ ከመማሪያ ክፍል የሰሌዳ ጠመኔ ሰርቆ መቀባት ነው። ያ ለስላሳ ነገር ቆዳውን ከማሻከር ይልቅ ያለሰልሰዋል፤ ኳሷን ስቶ ጨርቁን የሚወጋ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። መምህሩም በማግስቱ የሚጽፍበት ያጣል።

ከዚህ የተሻለው ምንድር ነው? በዓለም ላይ የታወቁት ብዙ ናቸው። በቺካጎው የትዊተን ኩባንያ ስም የሚታወቁት ማስተርና ትራያንግል የሚባሉት የቆዩ ናቸው፤ ትራያንግልን በተለይ የስኑከር ተጫዋቾች ለረጅም ዘመን ይዘውት ኖረዋል። እነዚህም ይረግፋሉ፣ ግን በልክ ነው፤ ዋጋቸውም ተማሪ የሚደፍረው ነው። ካሙይ የተባለው የጃፓን ጠመኔ ደግሞ ቆዳው ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ በየምቱ መቀባት አያሻም፤ ሆኖም ኳሱም ላይ እንዲሁ ይለጠፋል፣ ነጯ ኳስ ፈንጣጣ የወጣባት ትመስላለች። በቅርብ ዓመታት ብዙ የስኑከር ባለሙያዎች የተቀበሉት ታኦም የተባለው የፊንላንድ ሥራ ነው፤ የሚተወው ምልክት ጥቂት መሆኑ ያስመሰግነዋል። የእነዚህ የሁለቱ ዋጋ ግን በውጭ አገር ለአንዱ ፍሬ ከ20 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት የኖረ ነው። በአንድ አንኳር ስንት ደብተር እንደሚገዛ አስሉት። እኛ ታኦም ይገዛልን ብለን አንሰለፍም። የምንለው መካከለኛው፣ ስሙ የተጻፈበትና ከጨርቁ ቀለም ጋር የሚሄደው ይገዛ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ላይ አረንጓዴ። ይህ ጌጥ አይደለም፤ የረገፈው እንኳ ጨርቁን ቶሎ አያጎድፈውም።

ኮሚቴው በጀቱ ጠባብ ነው ይለናል። ጠባብነቱን አንክድም። ይሁን እንጂ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ከሁሉ ርካሹ ነገር ጠመኔው ነው። ጨርቁ ሲቀየር ከባሕር ዳር ባለሙያ ይጠራል፣ አበል ይከፈለዋል፣ ጠረጴዛው ይፈታል፣ ክፍሉም ለቀናት ይዘጋል። በጠመኔው ላይ የተቆጠበችው ሳንቲም በጨርቁ በኩል በብር ትወጣለች፤ ያን ብር ለመመለስም የጨዋታው ዋጋ ይጨመር ይባላል። ጭማሪውን የሚከፍለው ደግሞ ከቤቱ ገንዘብ የሚላክለት ሳይሆን፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ መኝታው የሚመለሰው የገበሬ ልጅ ነው። ልብሱንስ ማን ያጥብለታል? ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ሰማያዊ እጅጌ ቀላል ነገር አይደለም።

የራሳቸውን ጠመኔ ስለሚያመጡት ጓደኞቻችን ሁለት ወገን ሆኖ ይሟገታል። አንዱ ወገን በገንዘቤ የገዛሁትን ወይም ዘመዴ ከውጭ የላከልኝን ማን ይከለክለኛል ይላል። ሌላው ደግሞ በጋራ ጠረጴዛ ላይ ባለሀብትና ድኻ መለየት የለበትም ብሎ ሁሉንም ያግዳል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ጠመኔው የግል ቢሆንም ዱቄቱ የሚያርፈው በጋራው ጨርቅና በጋራው ኳስ ላይ ነው፤ ስለዚህ ተለጣፊው ዓይነት ስንት ዶላር ቢያወጣም ይከልከል። ከማኅበሩ የባሰ የማይረግፍና ቀለሙ የሚስማማ ከሆነ ግን ይግባ፤ ይልቁንም ባለቤቱን ማመስገን ይገባል። ሌላው ሰው ተመሳሳይ ጠመኔ ስለሌለው የሚሸነፍ ከመሰለው፣ ጨዋታውን አይተናልና፣ የብዙዎቻችን ሽንፈት ከጠመኔ የመጣ አይደለም።

አያያዙም መነሣት አለበት። ስቲኩን አንኳሩ ውስጥ ተክሎ እንደ መሰርሰሪያ ማዞር ልማድ ሆኗል። በዚህ ዓይነት አንኳሩ መሀሉ ይቦረቦራል፣ ዱቄቱ በከንቱ ይረግፋል፣ የቆዳው ዳርም ሳይቀባ ይቀራል። ቆዳውን በስሱ መጥረግ ይበቃል፤ ይህም ከጠረጴዛው ዘወር ብሎ ይሁን። የተቀባውን ጫፍ በጨርቁ ላይ እፍ ማለት፣ አንኳሩን በፊቱ ደፍቶ ጠርዙ ላይ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ገንዘብ ሳይወጣባቸው ዛሬውኑ የሚቀሩ ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር ይቀረናል። ክፍሉን የሚያጠርጉት እናት ማታ ማታ መስኮቱ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ ደረቁን ዱቄት በመጥረጊያ ያነሡታል። ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ሲዘወተር ሳንባን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናትም በጊዜው ከነበሩት የፑል ጠመኔዎች በአንዳንዶቹ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት በብዛት መገኘቱን ገልጿል። የእኛው ጠመኔ ይህ አለበት አላልንም፤ ሠሪው ያልተጻፈበትን ግን ማንን እንጠይቅበታለን? ስለዚህ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፣ መስኮቱ በጥረጋ ጊዜ ይከፈት፣ ለእኚህም እናት የአፍ መሸፈኛ ይሰጣቸው።

በሚመጣው ስብሰባ ኮሚቴው የጠመኔውን ግዢ፣ የግል ጠመኔን ደንብና የጽዳቱን ነገር እንዲያነሣ እንጠይቃለን። የጨርቅ ብሩሹን ግን እንደገና መግዛት አያስፈልግም፤ ከተገዛ ወር አልፎታል፣ እስከ ላስቲኩ በመዝናኛው ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይገኛል።